ፈረስ የሆነው ጃንጥላ

ሞጣ ገበያ ዳር፣ ከጨርቅ ተራው ወረድ ብሎ፣ በሦስት ቆርቆሮና በአንድ አሮጌ የጓሮ በር የተሠራች ሱቅ አለች። ሱቅ መባሏ ለክብሯ ነው እንጂ አንድ ሰው ከተቀመጠባት ሁለተኛው ቆሞ፣ ሦስተኛው ደጅ ሆኖ ነው የሚያወራው። የሚቀመጠው ሰው እንድሪስ ይባላል። ጃንጥላ ጠጋኝ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው፤ ሰው ከጣለው ዕቃ የልጆች መጫወቻ በመሥራት።

ለሌላው ሰው የሰርዲን ቆርቆሮ ባዶ ሆነ ማለት ምሳው አለቀ ማለት ነው። ለእንድሪስ አውቶቡስ መጣ ማለት ነው። የዘይት ጀሪካን የጭነት መኪና ይሆናል። ጎማው ከተበጠሰ ሲሊፐር ይቆረጣል፣ ጎማና ጎማውን የሚያያይዘው የጃንጥላ ሽቦ ነው፣ የፊት መብራቱ ደግሞ ክኒኑ ያለቀ ማሸጊያ። አንዷ እግር የጠፋችባት ካልሲ አሻንጉሊት ትሆናለች፤ ጸጉሯ ከተተረተረ ሹራብ ይመጣል። ከከተማ በባትሪ እየጮኸች የምትመጣውን የቻይና መኪና እንኳ እንድሪስ አይጠላትም። በሦስተኛው ቀን ተሰብራ ወደ እሱ እንደምትመጣ ስለሚያውቅ በትዕግሥት ይጠብቃታል።

ትዕግሥት ያለው ግን ለቻይና መኪና ብቻ ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ ለስላሳ ሲከፈት እሱ የሚያየው ቆርኪው የወደቀበትን ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ከሃይላንድ ውኃ ሲጠጣ ትክ ብሎ ጠርሙሱን ስለሚያይ፣ የማያውቀው እንግዳ ሰውዬው ጠምቶታል ብሎ «እንካ ጠጣ» ይለዋል። «አይ፣ ግዴለም፣ ጨርሰው» ይላል እንድሪስ ዐይኑን ሳይነቅል። ባለቤቱ ሳቢራ የድስት ክዳኖቿን አልጋ ሥር የምትደብቀው ሌባ ፈርታ አይደለም። ለጎረቤቷ ለይርጋነሽ «እኔ የሞትኩ ቀን ጥርሴን ለመኪና መብራት እንዳይወስደው ጠብቂልኝ» ብላ አደራ ብላለች።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ልጃቸው በኸይራት ነው። አራት ዓመቷ ላይ ኩፍኝ ይዟት፣ ከቤት እንዳትወጣ ተብላ፣ ቀኑን ሙሉ እያለቀሰች ሰው አላስጠጋ አለች። እንድሪስ የሚያደርገው ቢጠፋው አንዲት የሰርዲን ቆርቆሮ አንሥቶ አራት ቆርኪ ገጠመላት። ልጅቷ ዝም አለች። ያን ቀን የተሰማው ደስታ ኒካሑ ከታሰረበት ቀን ይበልጥ እንደነበር ለሳቢራ ነገራት። መናገር አልነበረበትም። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታነሣበታለች።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መንገዷን ለመዳት። መጫወቻ የሚፈልግ ልጅ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ቆርኪም ይሁን የተበጠሰ ማሰሪያ፣ ባዶ እጁን የመጣ የለም። ካመጣ በኋላም ሽቦው ሲታጠፍ ጫፉን ይዞ ይቆማል። እንድሪስ «የራስህ እጅ ካልገባበት በነጋታው ትጥለዋለህ» ይላል። ልጆቹ ይህን ምክር ከመስማት ብዛት እሱ ሳይጀምረው ይጨርሱለታል።

ስለ ጃንጥላው ጥገናም አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እንድሪስ የሰው ዕቃ ሲረከብ ስም አይጽፍም። እጀታው ላይ ክር ያስርና ክሩን ይቋጥረዋል። ሞጣ ውስጥ ጃንጥላ የሚያሠራ ክርስቲያን «ለሚካኤል አድርስልኝ»፣ «ለኪዳነ ምሕረት እፈልገዋለሁ» ነው የሚለው። ሚካኤል ከሆነ ዐሥራ ሁለት ቋጠሮ፣ ኪዳነ ምሕረት ከሆነ ዐሥራ ስድስት፣ ማርያም ከሆነ ሃያ አንድ። ለመድኃኔ ዓለም ያሠራ ሰው እንደሆነ ጃንጥላውን ከመጠገን ይልቅ ሃያ ሰባቱን መቋጠር ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ለጁምዓ የሚፈልግ ሙስሊም ደግሞ አንድ ወፍራም ድርብ ቋጠሮ አለችው። በዚህ የተነሣ እንድሪስ የወሩን ቀን እንደ ደብተራ ያውቃል። ገበያ የሚያልፉ ሴቶች «እንድሪስ፣ ነገ ማን ነው?» ይሉታል፤ እሱም ከመስጊድ እየተመለሰ «ገብርኤል» ብሎ ይመልሳል።

«ለምን አትጽፈውም?» ለሚሉት መልስ አለው። «ጽሑፍ በዝናብ ይለቃል፤ ቋጠሮን ዝናብ ያጠብቀዋል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ ሌላ ነው። ጽሑፍ ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል፤ እንድሪስ ደግሞ ኸይራት የገዛችለትን መነጽር ሰው ፊት አያደርገውም። ቋጠሮ በጣት ይቆጠራል።

ባለቤቱ የቀረበት ዕቃ ዓመትም ሁለት ዓመትም ቢሆን ይቀመጣል። አማና ነው፤ የሰው አደራ። ከጣራው ሥር ጌቶቻቸውን የሚጠብቁ ዐሥራ አንድ ጃንጥላዎች ተንጠልጥለዋል። የአንዱ ባለቤት ሞቶ ልጁ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ለአንዲት ሽቦ የሚንገበገብ ሰው፣ ከራሱ በላይ ይህን ሁሉ ሽቦ ሰቅሎ እየዋለ፣ አንዲቱን እንኳ ነክቶ አያውቅም። ለመጫወቻ የሚወስደው ባለቤቱ በአፉ «ይኼ በቃው፣ ለልጆቹ አድርገው» ያለውን ብቻ ነው። እሱን ቋጠሮ በሌለው ክር አስሮ ጥግ ይጥለዋል። ባዶ ክር ማለት ጌታ የለውም ማለት ነው። እንድሪስ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከመጫወቻው ይልቅ በዚህ ይኮራል።

አሁን ወደ መሪጌታ ወልደ ኪዳን እንምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ እኒህ የቅኔ መምህር ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ጥቁር ነው፤ እጀታው ከነዘንጉ እንጨት፣ ጫፉ እንደ ከዘራ የቆለመመ፣ ዛሬ የማይገኝ ዓይነት። ሁለት ሽቦ ተሰብሮበታል። መሪጌታ የታመመ መምህር ተክተው ሊያስተምሩ ወደ መርጡለ ማርያም መሄዳቸው ነበር።

«ለማን ቀን ላድርስልዎ?» አለ እንድሪስ ክሩን ይዞ።

«እስክመለስ ይቀመጥልኝ።»

«ለመቼ ልበል?»

መሪጌታ ጣታቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «መመለሻዬን እሱ ነው የሚያውቀው» ብለው ሄዱ።

እንድሪስ ክሩን እንደያዘ ቀረ። ቁጥር ከሌለ ምን ይቋጠራል? እስከ ማታ አስብበታለሁ ብሎ ለጊዜው ባዶውን አስሮ ጥግ አቆመው። ማታ ግን አንዲት ጀሪካን መጥታ ነበር፤ ጀሪካን በመጣችበት ማታ ደግሞ እንድሪስ ሌላ ነገር አያስብም። ከዚያ በኋላ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ መሪጌታም እዚያው ቀሩ።

ዓመት አለፈ። ኸይራት ቢቸና አግብታ፣ ከባሏ ከሙሐመድሸሪፍ ጋር ጨርቅ ትነግዳለች። የአምስት ዓመት ልጃቸው ሀሲና በስልክ «አባባ፣ ፈረስ ሥራልኝ፤ አንገቱ ጎበጥ ያለ» ብላ አዘዘች። እንድሪስ ጥጉን ሲያገላብጥ ያ የቆለመመ እጀታ እጁ ገባ። ክሩን በጣቱ ዳበሰ፤ ልሙጥ ነው። መነጽር አድርጎ ጃንጥላውን ቢያየው ኖሮ የማን እንደሆነ ባስታወሰ ነበር። መነጽሩ ግን ኪሱ ውስጥ ነበረ፤ ደጅም ሰው ነበረ።

ጨርቁን ገፈፈ፣ ሽቦዎቹን ነቀለ፣ ዘንጉን ከነእጀታው ለብቻው አወጣ። ቆልማማው የፈረስ ራስ ሆነ። ከሁሉ የገረመው ደግሞ ዐይን መቅረጽ እንኳ አላስፈለገውም፤ እጀታው ላይ ዐይን የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ጎን ለጎን ነበሩበት። በየጉድጓዱ አንዳንድ ቀይ ጨሌ ከተተ፤ ከተፈታ ገመድ ጋማ አበጀለት። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ያማረ ነው አለ። በመጀመሪያ በተገኘው ሚኒባስ ራሱ ቢቸና ይዞ ሄደ።

ዘንድሮ ሰኔ ግም ሲል፣ በሚካኤል ቀን፣ መሪጌታ ወልደ ኪዳን ከሱቁ ደጅ ብቅ አሉ። ከስተዋል፤ ጢማቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። ከእንድሪስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ከዚያ መሪጌታ ሰማዩን አየት አድርገው «ጃንጥላዬስ?» አሉ።

እንድሪስ እጁን ወደ ጣራው ሰደደ። አንዱን ክር ዳበሰ፣ ሌላውን ዳበሰ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ያ የቆለመመ እጀታ ትዝ አለው፤ ሐምሌ፣ ወደ ሰማይ የተቀሰረው ጣት፣ ባዶው ክር። አማና በላሁ አለ በልቡ። በሠላሳ አምስት የሥራ ዓመት የመጀመሪያው ነው፤ ከሁሉ ሰው የመሪጌታን! በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ አፉ ሳያስፈቅደው ዋሸ።

«ጨርቁ… ትንሽ ነገር ቀርቶታል።»

«በሁለት ዓመት?» አሉ መሪጌታ። ክፋት አልነበረበትም፤ ገርሟቸው ነው።

«ለማርያም ይምጡ፤ ኢንሻአላህ ይደርሳል።»

«ይሁን፣ ለማርያም» ብለው ሄዱ።

እንድሪስ አዲስ ክር አወጣና ሃያ አንድ ጊዜ ቋጠረ። የሚያስርበት ጃንጥላ ስለሌለ ኪሱ ከተተው። ዘጠኝ ቀን አለው።

ቤቱ ገብቶ ለሳቢራ ሲነግራት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ለማቆም ብትሞክርም አልሆነላትም።

«የቅኔ መምህር ጃንጥላ ኮርቻ ጫንክበት?»

«ኮርቻ አልጫንኩበትም።»

«ኧረ ጋማ ተክለህበታል! እኔ እኮ ክዳኔን ስደብቅ ሰው ሁሉ ሰሰተች አለኝ።» ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠች። «ሂድና እውነቱን ንገራቸው እንግዲህ።»

«ባዶ እጄን? መጀመሪያ ዕቃቸውን ልሰብስብ።»

መሰብሰቡ ከሽቦዎቹ ጀመረ። አብዛኞቹ ጥጉ ውስጥ ተገኙ፤ ሁለቱ ግን የይርጋነሽ ልጅ የስጦታው አውቶቡስ ሥር ነበሩ። ስጦታው ሰባት ዓመቱ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲሰማ ቆየና አውቶቡሱ እንዲፈርስ የሚፈቅደው ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ከተተካለት ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። ተሳቢው ደግሞ የሚፈታ መሆን አለበት። እንድሪስ ሁለት ቀን ሙሉ ተሳቢ ሲሠራ ዋለ። ሥራው ሲያልቅ ስጦታው ዙሪያውን ፈትሾ «የኋላ መብራት የለውም» አለ። የኋላ መብራት ተጨመረለት።

ጨርቁ ግን ጠፋ። እንድሪስ ሱቁን ሦስት ጊዜ አራገፈ፤ ሳቢራም እየራራችለት አብራው ፈለገች፤ በየመሐሉም «ዕቃ አጠባበቅ እንዲህ ነው እንግዲህ» ትላለች። በአምስተኛው ቀን ዶፍ ወረደ። እንድሪስ ከበሩ ሥር ቆሞ ሲያይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲበሰብስ የሳቢራ ዶሮዎች ብቻ ሳይርሱ ተቀምጠዋል። ከቆጣቸው በላይ ጥቁር ጨርቅ ተወጥሯል። ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ጥሩ ጨርቅ። እንድሪስ ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ሳቢራ ድንገት ብዙ ሥራ መጣባት።

«ጥጉ ላይ ወድቆ አገኘሁት» አለች በመጨረሻ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። «ቋጠሮ የለውም ነበር።»

የዶሮ ኩስ የነካው ጨርቅ ሦስት ጊዜ ታጠበ። እንድሪስ ትልቅ ነገር መናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። እሱም በዚያው ክር የተሳሳተ ሰው ነው።

የቀረው ፈረሱ ነው። በገብርኤል ማግስት ጠዋት አንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ አቅፎ ወደ ቢቸና ተሳፈረ። አውቶቡሱ ሳይተኛ ያደረበት ሥራ ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ ሹፌሩ ከካልሲ የተሠራ ሆኖ ጢም አለው። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢለው እንድሪስ እሺ አላለም። መንገዱን ሙሉ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ለልጅቷ የሚላትን ሲያስብ ሄደ። ያሰበው ሁሉ ጥሩ ነበር፤ ልጅቷን እስኪያያት ድረስ።

ሀሲና ከግቢው በር ላይ ፈረሷ ላይ ሆና ጠበቀችው። «አባባ! ዳማ ናፍቀኸዋል» አለችው። ዳማ የፈረሱ ስም ነው። ጋማው ተጎንጉኗል፣ አንገቱ ላይ ከእናቷ ሱቅ የመጣ ቀይ ጥብጣብ አለ። አውቶቡሱን ስታይ ዐይኗ በራ፤ አያቷን ሳመችው፤ ወዲያው ገመድ አምጥታ አውቶቡሱን ከፈረሱ ኋላ አሰረችው። እንድሪስ ልለውጥሽ ሊል የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋው።

ምሳ ላይ ኸይራት ትክ ብላ አየችው። «አባ፣ ምን ሆነሃል? ከመጣህ ጀምሮ ልጄን ሳይሆን ፈረሱን ነው የምታየው።»

ነገራቸው። አማቹ ሙሐመድሸሪፍ ነጋዴ ነውና መፍትሔ አላጣም። «ቀላል ነው እኮ። ቁልፉን ሲጫኑት የሚከፈት አዲስ ጃንጥላ ከሱቄ ውሰድላቸው፤ ይመርቁሃል።»

«እሳቸው ያስቀመጡት አዲስ ጃንጥላ አይደለም» አለ እንድሪስ። «አማና ሲመለስ ያው ራሱ ነው።»

ሀሲና መብላቷን ትታ ነበር። «ዳማ የማን ነው?» አለች።

«የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ነው፣ እናቴ።»

«አንተ አይደለህ የሰጠኸኝ?»

«ነኝ።»

«የሰው ነገር ትሰጣለህ እንዴ?»

ሙሐመድሸሪፍ ከሳህኑ ላይ ዐይኑን አላነሣም። ኸይራት ልጇን ልትቆጣ አለችና ተወችው። ልጅቷ ግን ገና አልጨረሰችም። «ፒንሳህን የነካሁ ጊዜ፣ ሳይጠይቁ የሰው ዕቃ አይነካም ብለህ ተቆጥተኸኝ የለ?»

«ተቆጥቼሻለሁ» አለ እንድሪስ። ኢማም ቢገሥጸው፣ ዳኛ ቢፈርድበት ይህን ያህል ባላፈረ። «ተሳስቼ ነው፣ ሀሲና። ሳላውቅ ነው። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሀሲና ተነሥታ ወጣች። ደጅ ላይ ፈረሷን አቅፋ ብዙ ቆየች። እንድሪስ ከበሩ ላይ ያያታል፤ ከእጇ ልቀማት ቢል ይችላል፤ አንዲት ፍሬ ልጅ ናት። ልቡ አልቻለም። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል።

«ለአንተ አልሰጥህም» አለችው። «ለባለቤቱ ራሴ እሰጠዋለሁ።»

በማርያም ቀን ረፋዱ ላይ፣ መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሱቁ መጡ። እንድሪስ ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ተቀምጧል። ጃንጥላው ተሠርቷል፤ ሽቦዎቹ የራሳቸው፣ ጨርቁ የራሳቸው፣ ዘንጉና እጀታው ግን እንድሪስ ለራሱ ከሚይዘው ጃንጥላ የተነቀለ ነው። ሃያ አንድ ቋጠሮ ያለው ክር ታስሮበታል። ሳቢራ ከበሩ ውጭ ቆማለች፤ ከእንድሪስ ጋር ከቢቸና የመጣችው ሀሲና ከኋላዋ ናት።

መሪጌታ እጃቸውን ሲዘረጉ እንድሪስ ጃንጥላውን አልሰጣቸውም። ከመቀመጫው ተነሣ።

«መሪጌታ፣ ዐውፍ ይበሉኝ። ያን ቀን ቀርቶታል ያልኩዎ ውሸት ነው። አማናዎን በልቼዋለሁ።» ከዚያ ስለ ባዶው ክር፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ዘንጉን ከራሱ ጃንጥላ ስለ መተካቱም አንድ በአንድ ተናገረ። ሳቢራ እስትንፋሷን ይዛ ጠበቀች፤ ዶሮዎቹ ጋ ሲደርስ «ሰው ቤት ቆይቶ ነበር» ብሎ አለፈው። ሳቢራ ያን ቀን ለባሏ የነበራትን ፍቅር እሱ ቢያውቀው፣ የኒካሑን ነገር እንደገና ባሰበበት ነበር።

የመሪጌታ ፊት ጠቁሯል። «እጀታው የት ነው?» አሉ።

ሀሲና ወደ ፊት መጣች። አልጋለበችም፤ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። «እንካ» አለችና ሳቢራ ስትቆነጥጣት «እንኩ» ብላ አረመች።

መሪጌታ ተቀብለው አገላበጡት። ጋማውን አዩ፣ ጥብጣቡን አዩ። ጨሌዎቹ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼን ዐይን አንተ ነህ የቀረጽከው?»

«ጉድጓዱ ነበረበት። እኔ ጨሌውን ብቻ ነው ያስገባሁት።»

መሪጌታ በጥፍራቸው አንዱን ጨሌ ፈልቅቀው አወጡና ጣታቸውን ጉድጓዱ ላይ አሳረፉ። እንድሪስ ሊቆጡ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። የሰማው ግን ሳቅ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ የተከማቸ የሚመስል ሳቅ።

«ይኼ ጥርሴ ነው!» አሉ።

አባታቸው ቄስ ነበሩ። ጃንጥላው ከበሩ ኋላ ይሰቀል ነበር፤ አባት ከቅዳሴ መጥተው ጋደም ሲሉ፣ ትንሹ ወልደ ኪዳን አውርዶ ግቢውን ይጋልብበታል። አንድ ቀን ሲጋልብ ወድቆ አፉ እጀታው ላይ አረፈ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ እንጨቱ ውስጥ ሰመጡ። የዚያን ለት የተገረፉት አሁንም ትዝ ይላቸዋል። «አባቴ ሊያርፍ ሲል መጻሕፍቱን ለወንድሜ፣ ጃንጥላውን ለእኔ አለ» አሉ። «ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ተናድጄም ነበር። የቅኔ ተማሪ መጽሐፍ ይፈልጋል እንጂ ጃንጥላ ምን ያደርግለታል?» ጣታቸው ከጉድጓዱ አልተነሣም።

«ስሙ ማን ነበር?» አለች ሀሲና።

«የማን፣ የአባቴ?»

«የፈረሱ።»

ስንት ተማሪ ያፋጠጡት መምህር አሁን በተራቸው ተጠየቁ። «ቦራ» አሉ ለራሳቸው እንደመናገር።

«አሁን ዳማ ነው።»

«ዳማ ይሻላል» ብለው አመኑ።

ጨሌውን በቦታው መልሰው ፈረሱን ለልጅቷ ዘረጉላት። እንድሪስ አልቻለም። «የለም፣ መሪጌታ! ዕቃዎን ይዘው ይሂዱ፤ አማናው ከጫንቃዬ ይውረድልኝ።»

«ለዝናቡማ ይኸው ሠርተህልኝ የለ?» አሉ ከእጁ ጃንጥላውን እየወሰዱ። የእንድሪስን እጀታ ጨበጥ አድርገው ሞከሩት። «ይኼ ከአንተ ተነሥቷል፣ ያ ከእኔ። ያንተውን እኔ እጠብቃለሁ፤ የእኔን እሷ ትጠብቅ። ስታድግ ትመልስልኛለች፤ ካልኖርኩም ለሚጋልብ ልጅ ትሰጠዋለች። ትጠብቂያለሽ?»

ሀሲና ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ ግን» አሉ ወደ እንድሪስ ዞረው፣ ፈረሱን እየጠቆሙ፣ «እንደዚያን ለት ባዶ ክር እንዳታስርበት።»

እንድሪስ ክር አወጣ። የክሩ ጫፍ አልታይ አለው። ኪሱን ዳበሰ፤ መነጽሩን አወጣና ሰው ሁሉ እያየው ዐይኑ ላይ አደረገው።

«ለመቼ ልበል?» አለ።

«ዛሬ አንድ ቋጥር። በየዓመቱ በሰኔ ማርያም እሷ አንድ አንድ እየጨመረች ትሄዳለች።»

ሀሲና ቀረብ ብላ፣ ሽቦ ሲታጠፍ ልጆች እንደሚያደርጉት፣ የክሩን ጫፍ ያዘችለት።

«አጥብቀው፣ አባባ» አለችው።

አጠበቀው።